በፊሬንዜ ከተማ የሚገኘው የንጹሓን ሕፃናት ቤት

ወደ ፊሬንዜ የሚሄድ መንገደኛ ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ታላቁ ካቴድራል ጉልላትና ስለ ዳዊት ሐውልት ነው። አንባቢዎቼ ሆይ፥ እናንተም ዕድል አጋጥሟችሁ ወደዚያች ከተማ ብትሄዱ እነዚህን ሳታዩ አትመለሱም። ነገር ግን ከካቴድራሉ ወደ ሰሜን ጥቂት በእግራችሁ ተጓዙና ሳንቲሲማ አኑንዚያታ ከሚባለው አደባባይ ድረሱ። በስተቀኛችሁ በደረጃ የሚወጣበት፥ ዘጠኝ ቅስቶች ያሉት ረዥም በረንዳ ታያላችሁ። ይህ የኢኖቼንቲ ቤት ነው፤ በእኛ ቋንቋ የንጹሓን ቤት ማለት ነው። ስሙን ያገኘው ሄሮድስ በቤተ ልሔም ካስፈጃቸው ሕፃናት ነው፤ በአገራችን ቤተ ክርስቲያን ጥር 3 ቀን የሚታሰቡት እነዚያው ናቸው።

ፍራንቼስኮ ዳቲኒ የተባለ የፕራቶ ከተማ ሀብታም ነጋዴ በ1410 ሲሞት ለተጣሉ ሕፃናት መጠጊያ ይሆን ዘንድ 1000 ፍሎሪን ተናዘዘ። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፌአቸዋለሁ።) የሐር ነጋዴዎች ማኅበር በኃላፊነት ተረክቦ በ1419 ሥራውን አስጀመረ፤ ነዳፊውም የካቴድራሉን ጉልላት የሠራው ብሩኔሌስኪ ነበረ። በ1441 ከኢየሩሳሌም የተላኩት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ለታላቁ ጉባኤ ወደ ፊሬንዜ በመጡ ጊዜ ይህ ሕንፃ ገና አላለቀም ነበር።

ቤቱ በጃንዩዌሪ 1445 ተከፈተ። በፌብሩዋሪ 5 ቀን የመጀመሪያዪቱ ሕፃን ተጥላ ተገኘች። ቀኑ የቅድስት አጋታ በዓል ስለ ነበረ አጋታ ስሜራልዳ ብለው ሰየሟት።

ከቅስቶቹ በላይ ቀና ብላችሁ ተመልከቱ። አንድሬያ ዴላ ሮቢያ በ1487 የሠራቸው በመጠቅለያ ጨርቅ የተጠቀለሉ ሕፃናት በሰማያዊ መደብ ላይ እጃቸውን ዘርግተው ይታያሉ። ሁሉም አንድ ዓይነት ይመስላሉ፤ ቀርባችሁ ስታዩአቸው ግን የአንዱ ፊት ከሌላው አይገጥምም። አንዱ መጠቅለያው ተፈትቶ እስከ እግሩ ወርዷል።

በበረንዳው በስተግራ ጫፍ በብረት ፍርግርግ የታጠረች ትንሽ መስኮት አለች። በፍርግርጉ መካከል ሊያልፍ የሚችለው አዲስ የተወለደ ሕፃን ብቻ ነው። በውስጥ በኩል በግራና በቀኝ የማርያምና የዮሴፍ ምስሎች ተደርገው ስለ ነበረ፥ እናቲቱ በጨለማ ያሳለፈችው ልጅ በሁለቱ መካከል እንደ በረት ሕፃን ሆኖ ይገኝ ነበር። ማንም ማን ነሽ ብሎ አይጠይቃትም። መስኮቷ በ1875 ተዘጋች።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ መዝገቡ ነው፤ በመዝገብ ቤት የምትሠሩ አንባቢዎቼ ምክንያቱን ሳይነገራችሁ ታውቁታላችሁ። ሕፃኑ በገባ ጊዜ ጸሐፊው ቀኑንና ሰዓቱን፥ የለበሰውን ጨርቅ፥ በአንገቱ የታሰረለትን ነገር ሁሉ ይጽፋል። ከዚያም ልጁን የምታጠባ ሴት ትፈለግለትና ወደ ገጠር ይላካል፤ ለአጥቢዋም በየወሩ ደመወዝ ይከፈላል። በክፉ ዓመታት ከገቡት ሕፃናት ከግማሽ የሚበልጡት ይሞቱ ነበር። ይህን የሚያውቀው ያው ጸሐፊ በማግሥቱ ለመጣው ሕፃን የሸሚዙን ቀለም ሳይቀር እንደ ገና በጥንቃቄ ይጽፋል። ነገ እናቱ መጥታ ብትጠይቅ በምን ይለያል? እንግዲህ ይህን ጽሕፈት የቢሮ ሥራ ብቻ ነው ብዬ ለማለፍ አልቻልሁም።

በአገራችን ልማድ ወንድ በ40፥ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉ። በዚያ ግን ሞት ይቀድማል ተብሎ ስለሚፈራ ጥምቀቱ በችኮላ ነበር። ስም የሌለው ልጅ ስም ሳያገኝ እንዳይቀበር ይጨነቁ ነበርና። በሕይወት ያደጉት ብዙዎቹ ኢኖቼንቲ ወይም ኖቼንቲኒ የሚል የቤተ ሰብ ስም ወርሰዋል፤ ስሙ እስከ ዛሬ በከተማዪቱ የተለመደ ነው።

በላይኛው ፎቅ በሚገኘው ሙዚየም የጊርላንዳዮን ሥዕል ፈልጉ። በ1488 የተሠራው ለዚሁ ቤት ቤተ ክርስቲያን መንበር ነው። ሰብአ ሰገል ለጌታ ይሰግዳሉ፤ በስተኋላ የቤተ ልሔም ሕፃናት ሲታረዱ ይታያል። ከፊት ግን ነጭ የለበሱ ሁለት ሕፃናት ከነቁስላቸው ተንበርክከዋል፤ ከነገሥታቱ ይልቅ ለሕያው ሕፃን የቀረቡት እነርሱ ናቸው። ሌሊት በእጃቸው ላይ ልጅ የሞተባቸው የቤቱ ሴቶች ጧት ለጸሎት ሲቆሙ የሚያዩት ይህን ነበር። ሥዕሉ አጽናናቸው ወይስ ቁስላቸውን ቀሰቀሰባቸው? እኔ ሁለቱንም ሳይሆን አይቀርም እላለሁ።

ከዚያም ወደ ትንንሾቹ መሳቢያዎች ሂዱ። በየመሳቢያው ላይ የልጅ ስም ተጽፎ፥ በውስጡ እናት ከልጅዋ ጋር የተወችው ምልክት ተቀምጧል፤ ቁልፍ፥ የጥብጣብ ቁራጭ፥ ለሁለት የተቆረጠ ሜዳልያ። ግማሹ ከልጁ፥ ግማሹ ከእናቱ ጋር ይቀር ነበር። አንዱን ሳብ አድርጋችሁ ክፈቱ። እኔ ሦስተኛውን ከከፈትሁ በኋላ አራተኛውን ለመክፈት አልደፈርሁም።

ቤቱ ዛሬም ሥራውን አልተወም። ሙአለ ሕፃናት አለበት፤ ከ1988 ጀምሮም የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት ድርጅት የምርምር ክፍል በዚሁ ግቢ ይሠራል። ስትደክሙ ወደ ጣራው በረንዳ ውጡ። ቀድሞ የሕፃናቱ ጨርቅ ታጥቦ የሚሰጣበት ስፍራ ነበር፤ አሁን ቡና ቤት ሆኗል። ከዚያ ሆናችሁ የካቴድራሉ ጉልላት ፊት ለፊት ይታያችኋል።