እንጦጦ በውሻ አፍንጫ

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወጣው ዳገት ለእኛ ለሰዎች በአጭሩ የባሕር ዛፍ ሽታ ነው። በአፄ ምኒልክ ዘመን ለማገዶ ተብሎ የገባው ዛፍ ተራራውን ሸፍኖታል። ውሻ ይዞ ለሚወጣ ግን ተራራው ሌላ ነው። ሌሊት ጅብ ያለፈበት፣ ትናንት አህያ የቆመበት፣ ንጋት ላይ እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ያረፉበት ቦታ ሁሉ ለእሱ ገና ትኩስ ነው። የሰው አፍንጫ ያሉት ሽታ ተቀባዮች 5 ወይም 6 ሚሊዮን ገደማ ናቸው፤ የውሻው በመቶ ሚሊዮኖች ይቆጠራሉ።

የእኛው ቡቺ አራት ዓመቱ ነው። ወደ ጋራ ግቢ ከተዛወርን ወዲህ ሌሊቱን ሲጮኽ ያድራል። አከራያችን «ወይ ዝም ይበል፣ ወይ ይሂድ» ብለው የሁለት ወር ጊዜ ሰጡን። ልጆቹ አለቀሱ። አፍንጫውን ሥራ እንስጠው ያልነው ያን ጊዜ ነው።

ጨዋታው አዲስ አይደለም። በ2006 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ የአነፍናፊ ውሾችን ሥልጠና የሚያውቁ አሠልጣኞች ለቤት ውሻ የሚሆን ስፖርት አደረጉት። እዚያ ውሾቹ ከሚፈልጓቸው ሽታዎች አንዱ የእኛው ቅርንፉድ ነው። ለጀማሪ ግን ሥጋ ይበቃል፦ ጨው፣ ሽንኩርትና በርበሬ ያልነካው ቅቅል፣ በጣት ጥፍር ልክ ተቆርጦ። አራት ክፍት ካርቶን በረንዳ ላይ ይደርድሩና አንዱ ውስጥ ያስቀምጡ። ከዚያ ዝም ይበሉ። አይጠቁሙ፣ አይዘዙ። ሲያገኝ እዚያው ካርቶን ውስጥ ሌላ ቁራጭ ይጨምሩለት። አምስት ደቂቃ በቂ ነው፤ ማሽተት ከሩጫ ባላነሰ ያደክማል።

ካርቶኑን ከለመደ በኋላ ነው ወደ ጫካው የወጣነው። የባሕር ዛፉ ሽታ ይሸፍንበታል የሚል ስጋት ነበረን፤ ቡቺ ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ይልቅ ጨዋታውን የሚመራው ነፋሱ ነው። ማለዳ ቀዝቃዛው አየር ከባድ ስለሆነ ቁልቁል ይወርዳል፤ ፀሐይ ዳገቱን ስታሞቀው ደግሞ ሽቅብ ይወጣል። ልጄ ሥጋውን አንድ ጉቶ ሥር ደበቀችው። ቡቺ ከጉቶው በላይ በሁለት እርምጃ ርቀት ሲያልፍ ምንም አልሸተተውም። ወደ ታች አምስት እርምጃ ወርዶ ድንገት አንገቱን መለሰ፤ ግራና ቀኝ እየተጠማዘዘ ወጣና ጉቶው ላይ ቆመ። ከዚያ ወዲህ በማለዳ ከወጣን ፍለጋውን የምናስጀምረው ከታች ነው፤ ረፋድ ላይ ከሆነ ከላይ።

ያለ እብድ ውሻ በሽታ ክትባት እንጦጦን አያስቡት፤ ባለቤት የሌላቸው ውሾች አሉ። ገመዱ ረጅም ይሁን፣ ግን አይፈታ። አመሻሽ የጅብ ሰዓት ነው። ተራራው ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሻውም እርስዎም ቀስ ይበሉ። እንጨት የተሸከመች ሴት ስትመጣ ደግሞ ገመዱን አሳጥረው መንገዱን ይልቀቁላት፤ ያን ሸክም ይዛ ከውሻ መሸሽ አትችልም።

ቅዳሜ ጠዋት ተራራ ወጥቶ የዋለ ቡቺ ሌሊቱን ይተኛል። በአዘቦት ቀን ካርቶኖቹ ይወጣሉ፤ ጩኸቱ ቀንሷል እንጂ አልቆመም። አከራያችን የሰጡን ጊዜ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል።