የቅቤው እቁብ

አንድ ቀን ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ጫማዬን ሊጠርግ ያጎነበሰው ልጅ በስሜ ጠርቶኝ ቀና አለ። አራተኛ ክፍል አብረን ነበር የተማርነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሊስትሮዎቹን አገራቸውን ብትጠይቋቸው ብዙዎቹ ወላይታ ይሏችኋል። መሬቱ ጠባብ፣ ሰዉ ብዙ ነው፤ ግማሽ ሄክታር እንኳ የሌለው ቤተሰብ ስንት ልጅ ያወርሳል? የዚያን ዕለት ማታ ላፕቶፔን ከፍቼ «አገሬን የሚጠቅም» አፕ መሥራት ጀመርኩ። ኢንጂነር ሲከፋው እንዲህ ነው የሚያደርገው።

አክስቴ የምትኖረው ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ሁምቦ ጠበላ ነው። የሰፈሯ ሴቶች ዓመቱን ሙሉ በየገበያው ቀን ትንሽ ትንሽ ብር ያዋጡና መስከረም ላይ ለጊፋታ፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ቅቤ ይገዛሉ። እቁብ ይበሉት እንጂ ዕጣ የለውም። ወንዶቹ ደግሞ ለበሬው ይቆጥባሉ። ከቅቤው የተረፈውን ሴቶቹ ለንግድ ይበዳደሩታል፤ አክስቴ ቡና መቸርቸር የጀመረችው በዚያ ብር ነው።

ደብተራቸውን ወደ ዳታቤዝ ገለበጥኩት። ከአንዳንድ ስሞች ጎን ነጥብ ነበር። የእስክሪብቶ ጠብታ መስሎኝ አለፍኩት። አፑ በኤስኤምኤስ ነው የሚሠራው፤ ሳምንት ያለፈው ሰው ካለ ስሙንና ቅጣቱን ለሁሉም ይልካል። ግልጽነት ነበር ያልኩት።

በሦስተኛው ወር አንዲት እናት ሁለት ሳምንት አለፋቸው። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ የሃያ ሁለት ሴቶች ስልክ አንድ ላይ ጮኸ። በማግስቱ ገበያ አልወጡም። በሚቀጥለውም ሳምንት አልመጡም።

አክስቴ ደወለችልኝ። «አንተ ልጅ፣ የእናትህን እኩያ በአደባባይ አዋረድካቸው እኮ!» ያኔ ነው የነጥቡን ትርጉም የነገረችኝ። ነጥብ ማለት አንዷ ለሌላዋ ዝም ብላ ከፍላለች ማለት ነው። ማን እንደከፈለ አይጻፍም። እኔ ጠብታ ነው ብዬ የጣልኩት ነገር እቁቡን ያቆመው ምሰሶ ኖሯል።

ይቅርታ ልጠይቅ ጠበላ ወረድኩ። ከአክስቴ ግቢ ተራራው ይታያል፤ ልጅ ሆኜ ራሰ በራ ነበር። በ2006 እ.ኤ.አ. በተጀመረው ሥራ ነዋሪው 2,728 ሄክታር ከልሎ በሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጀ። ዎርልድ ቪዥን አገዘ፤ የዓለም ባንክ የሚያስተዳድረው ፈንድ 165,000 ቶን ካርቦን ለመግዛት ተዋዋለ። ከገቢው ወፍጮና የእህል መጋዘን ተሠርቷል። እኔን የገረመኝ ግን ብሩ አይደለም፤ ለስንት ሰው ሲካፈል ስንት ይሆናል? ወጣቱም እስካሁን አዲስ አበባ መሄዱን አልተወም። የገረመኝ አብዛኛው ደን በችግኝ አለመምጣቱ ነው። የተቆረጠው ዛፍ ሥሩ መሬት ውስጥ በሕይወት ነበር። ከብትና መጥረቢያ ከለከሉለት፣ የበቀለውን ቀንበጥ መልምለው ለቀቁት፤ በቃ።

እኔ ግን መጀመሪያ ያደረግኩት ነጥቦቹን መሰረዝ ነበር።

ሴትዮዋ ቤት ከአክስቴ ጋር ገባን። ልጃቸው ታሞ ብሩ መድኃኒት ላይ አልቆ ነበር። ቡና አፈሉልን። ስለ መልእክቱ አንድም ቃል አልተነፈሱም፤ እንዲያውም «ማሽንህ ደህና ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ምን እንደመለስኩ አላስታውስም፤ ስኒዬን ሳይ ነበር።

አፑን ዘጋሁት፣ ደብተሩ ተመለሰ። አሁን የአክስቴ ጥያቄ ሌላ ነው፦ የሶዶን፣ የአረካንና የቦዲቲን የቅቤ ዋጋ ከገበያ ቀን በፊት ብትልክልንስ? እሱን እየሠራሁ ነው።

ባለፈው ስሄድ ደብተሩን አሳየችኝ። ከሴትዮዋ ስም ጎን ሁለት ነጥብ አለ። ማን እንደሆነች አልጠየቅኩም።