በሱባ ዱር ውስጥ በቢስክሌት

መንገደኛ አገርን የሚያውቀው እንደሚጓዝበት ነገር ነው። በመኪና የሚሄድ ሰው አቧራውን እንጂ ዛፉን ልብ አይለውም፤ በእግሩ የሚሄድ ግን ሁሉን ያያል፤ ነገር ግን ቀኑ ያጥርበታል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው የዱር ቢስክሌት ነው። ሰውየው በገዛ ጉልበቱ ስለሚሄድ የአቀበቱን ክብደት ያውቃል፤ መንኰራኵሩም ስለሚረዳው በአንድ ቀን ብዙ አገር ያያል። እኛም ይህን ለመመልከት በኅዳር ወር ከዘመዶቻችን ጋራ ወደ መናገሻ ሱባ ዱር ሄደን ነበርና፣ ያየነውንና የተማርነውን ለአንባቢዎቻችን እንገልጻለን።

የሱባ ዱር ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በወጨጫ ተራራ ላይ ይገኛል። ተራራው በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ የነበረና ኋላ የጠፋ ነው፤ ጫፉም ከባሕር ወለል በላይ 3,385 ሜትር ይደርሳል። በ15ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የተራራውን መራቈት አይተው፣ የጽድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው እንዳስተከሉ ከአባቶች የተላለፈ ታሪክ ይነግረናል፤ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክም በዘመናቸው ዱሩ እንዲጠበቅ አዝዘዋል። ስለዚህ ዛሬ ከሥሩ ቆመን አንገታችንን ቀና አድርገን የምናየው ጽድ የዝናብና የአፈር ሥራ ብቻ አይደለም፤ ሳይቈርጡ ያለፉ የብዙ ትውልዶች ትዕግሥት ነው።

የዱር ቢስክሌት ከየት እንደ መጣም መናገር ይገባናል፤ ታሪኩ ኋላ ለምንናገረው ምክር ይጠቅማልና። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1970ዎቹ በአሜሪካ በካሊፎርኒያ፣ በማሪን አውራጃ በታማልፓይስ ተራራ አካባቢ የነበሩ ወጣቶች ወፍራም ጎማ ያላቸውን ያረጁና ከባድ ቢስክሌቶች እየያዙ ቍልቍለቱን ይወርዱ ነበር። በ1976 በአንድ ዳገታማ መንገድ ላይ እሽቅድምድም ጀመሩ። የኋላው ፍሬን ከመጋሉ የተነሣ በውስጡ ያለው ቅባት እየጤሰ ይጠፋ ስለ ነበረ፣ ከእያንዳንዱ ቍልቍለት በኋላ ፈትቶ እንደ ገና ቅባት መሙላት ያስፈልግ ነበር፤ የመንገዱም ስም “ሪፓክ” የተባለው ከዚሁ የተነሣ ነው። በ1977 ጆ ብሪዝ የተባለው ሠሪ ለዚሁ ሥራ ብሎ አዲስ ቢስክሌት ሠራ፤ ጨዋታውም በዓለም ሁሉ ተስፋፍቶ በ1996 በአትላንታ ከተደረገው የኦሎምፒክ ውድድር ገባ።

ወደ ጕዟችን እንመለስ። ማለዳ ከዱሩ ደጃፍ ስንነሣ ጉም ገና ከዛፉ ላይ አልተነሣም ነበር። የመኪናው መንገድ ካለቀ በኋላ የሚቀጥለው አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ ጠባብ ዱካ ነው፤ ግራና ቀኙ ጽድ፣ ወይራና ዝግባ ነው፤ ከፍ ሲሉ ኮሶ ይገኛል፤ ከዚያም በላይ ዛፉ እያጠረ ሄዶ አስታና ጅብራ ይተካሉ። ጕሬዛዎች ነጭ ጭራቸውን እንደ ጋቢ ጫፍ እያንዠረገጉ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ሲዘሉ አየን። በምኒልክ ስም የሚጠራው ጥቁሩ ድኩላም አንድ ጊዜ ብቻ ብቅ ብሎ ተመለከተንና ተሰወረ።

በዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ቀጭን ስለ ሆነ፣ አቀበቱን በቍጣ የጀመረ ሰው ወዲያው ትንፋሹ ያጥረዋል። ብልኅ ጋላቢ ገና ሳይደክም ማርሹን ወደ ቀላሉ ይለውጣል፤ ከመቀመጫውም ሳይነሣ ክብደቱን በኋላው ጎማ ላይ ያሳርፋል፤ አለዚያ ጎማው በደረቀው የጽድ ቅጠል ላይ ይንሸራተታል። ጎማውንም በአስፋልት ላይ ከሚሞላው ጥቂት አሳንሶ መንፋት ይሻላል፤ እንዲህ ሲሆን ሥሩንና ድንጋዩን ይዞ ያልፋል። ነገር ግን እጅግ ከላላ ካላማዳሪያው በድንጋይና በቸርኬው መካከል ተቀርቅሮ ይቀደዳል። በቍልቍለትም ዓይን ከፊተኛው ጎማ ሥር ሳይሆን አሥር ርምጃ ወደ ፊት መመልከት አለበት። ሰውነት ወደ ኋላ ይላል፤ ክርንና ጕልበት ይታጠፋል፤ ፍሬኑም በሁለት እጅ በለሆሳስ ይያዛል። የፊተኛው ፍሬን ኃይለኛ ስለ ሆነ በድንጋጤ የጨበጠው ሰው በመሪው ላይ ተሻግሮ ይወድቃል። የራስ ቍር ሳያደርግ የሚወርድ ሰውም ደፋር አይባልም፤ ቸልተኛ ይባላል እንጂ።

ከቀትር በኋላ በጠባቡ ዱካ ስንወርድ፣ አንዲት አሮጊት በጀርባቸው የደረቀ ጭራሮ ተሸክመው ከታች ሲመጡ አገኘናቸው። ከፊታችን ይወርድ የነበረው የ16 ዓመት የወንድማችን ልጅ ነው። ገና ከሩቅ ፍሬኑን ያዘ፤ ከቢስክሌቱም ወርዶ ከዱካው በታች ባለው ተረተር ላይ ቆመና “አካም ጅርቱ፣ እናቴ” ብሎ እጅ ነሣ። እሳቸውም ሸክማቸውን ሳያወርዱ ጥቂት ቆም ብለው፣ “ተባረክ ልጄ፤ ሌሎቹ ዞር በይ ይሉኛል፤ አንተ ግን ዞር አልህልኝ” አሉት። እኛም ይህን ቃል ሰምተን ዝም አልን። ያ ዱካ ለእኛ የአንድ ቀን መዝናኛ ነው፤ ለእሳቸው ግን የየዕለቱ እሳትና እራት የሚመጣበት ነውና።

ሥራችን የፍርድ ቤት ጽሕፈት ስለ ሆነ፣ ስለ መተላለፊያ መንገድ የሚነሣውን ክርክር ብዙ ጊዜ ጽፈናል። ጐረቤታሞች ስለ ጥቂት ክንድ ዱካ ዓመታት ሲካሰሱ አይተናል። ነገሩን ወደ ኋላ ቢመረምሩት አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የመሬቱ ጥበት አይደለም፤ አንዱ በአንዱ ላይ ያሳየው ንቀት ነው። በካሊፎርኒያም የሆነው ከዚህ የራቀ አይደለም። ቢስክሌተኞች በእግረኛውና በፈረሰኛው ላይ እየበረሩ ስላስቸገሩ፣ በ1980ዎቹ በማሪን ብዙ ጠባብ ዱካዎች ለቢስክሌት ተዘጉ፤ ጨዋታው በተወለደበት ተራራ ላይ ጨዋታው ተከለከለ። ከዚህ በኋላ በ1988 የካሊፎርኒያ ማኅበራት ተባብረው ዓለም አቀፍ የዱር ቢስክሌት ማኅበር አቆሙ፤ ለጋላቢዎችም ሥርዐት አስተማሩ። ይኸውም ጋላቢው ለእግረኛና ለከብት መንገድ እንዲለቅ፣ የሚወርደውም ለሚወጣው እንዲቆም ነው። ሸክም ላለው መንገድ መልቀቅ በአገራችን የቆየ ልማድ ስለ ሆነ፣ ይህን ሥርዐት ለልጆቻችን ስናስተምር ከባዕድ አገር የምንዋሰው ነገር የለም።

ዱካው ራሱም አክብሮት ይሻል። የኋላውን ጎማ አስሮ መንሸራተት ለወጣት ደስ ያሰኘዋል፤ ነገር ግን ጎማው የቈፈረውን ቦይ በክረምት ውሃ ይከተለዋል፤ በጥቂት ዓመታትም ዱካው ጕድባ ይሆናል፤ የዛፉም ሥር ይራቈታል። ስለዚህ ምድሩ በረጠበ ጊዜ አለመጋለብ ይሻላል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ዱሩን ለዝናቡ መተው፣ ከጥቅምት በኋላ መምጣት ይገባል። በመንገድም ላይ ጭቃ ቢያጋጥም ዳር ዳሩን እየዞሩ ዱካውን ከማስፋት ወርዶ በመካከሉ መግፋት ይበልጣል። የበቅሎና የአህያ ጭነት ሲመጣ ከሩቅ ቆሞ በሰው ድምፅ መናገር ያስፈልጋል፤ እንስሳው ዝም ብሎ በሚመጣ መንኰራኵር ይደነግጣልና።

አባቶችና እናቶች ሆይ፤ ልጆቻችሁ ቢስክሌት ቢጠይቋችሁ አትከልክሏቸው፤ ጤናና ትዕግሥት ይገኝበታልና። ነገር ግን ፍጥነትን ከማስተማራችሁ አስቀድማችሁ መቆምን አስተምሯቸው። የሱባ ጽድ እስከ ዛሬ የቆየው ምሳር የያዘ እጅ ስለ ተከለከለ ነው፤ ዱካውም ለሚመጣው ትውልድ የሚቆየው ፍሬን የያዘ እጅ ሲገኝ ነው።