ልጄ ነርስ ልትሆን የሄደችበት ከተማ

የመጨረሻ ልጄ በየእሑዱ ስትደውል «ደህና ነኝ እማዬ» ትለኛለች። ከሠላሳ ዓመት በላይ በሽተኛ ሲያይ የኖረ ሰው ግን ድምፅ ይለያል። ኅዳር ላይ «ደህና ነኝ» የምትለው ነገር እያጠረች መጣች። አንድ ቀን «እማዬ፣ ብመለስስ?» አለችኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ታላቅ ወንድሟ ለትኬቱ ገንዘብ ጨመረልኝ፣ ቪዛውም እንደምንም ተገኘና ጥር አጋማሽ ላይ ሽሮና በርበሬዬን ቋጥሬ ተነሣሁ።

ከቦሌ ፍራንክፈርት፣ ከፍራንክፈርት ደግሞ በባቡር ሦስት ሰዓት ያህል ተጉዤ ላይፕዚግ ገባሁ። የባቡር ጣቢያው እ.ኤ.አ. በ1915 የተጠናቀቀ ነው። ሲያዩት ጣቢያ ሳይሆን ከተማ ይመስላል፤ ልጄን በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ያወቅኋት በአካሄዷ ነው። ከስታ ነበር።

ላይፕዚግ ለእኛ ዕድሜ ሰዎች እንግዳ ስም አይደለም። በደርግ ጊዜ የነፃ ትምህርት ዕድል አግኝተው ምሥራቅ ጀርመን ከሄዱት ወጣቶቻችን ብዙዎቹ ቋንቋ የተማሩት እዚያ፣ ሄርደር በሚባለው ተቋም ነበር። መሀል ከተማው አጠገብ ክላራ ሴትኪን የሚባል ሰፊ መናፈሻ አለ። የማርች 8 ሰልፍ ትዝ የሚለው አንባቢ ስሟን አይረሳውም፤ እኔም በሴቶች ማኅበር ስብሰባ ላይ ስንት ጊዜ አጨብጭቤላታለሁ። አርባ ዓመት ቆይቼ በስሟ በተጠራ መናፈሻ፣ ቅጠሉ በረገፈ ዛፍ ሥር፣ በሁለት ካልሲ እየተንቀጠቀጥኩ እሄዳለሁ ብዬ አላሰብኩም። ፀሐይዋ ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ ትወጣለች፣ 11 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። እሑድ ሱቅ ሁሉ ዝግ ነው። ሰው ብቻውን ቢያለቅስ ማን ይሰማዋል የሚያሰኝ ጸጥታ አለ።

ልጄ የገባችበት ትምህርት አውስቢልዱንግ ይባላል። ሦስት ዓመት ነው፤ ቢያንስ 2,100 ሰዓት ክፍል ውስጥ፣ 2,500 ሰዓት ደግሞ ሥራ ላይ። ጥቂት ሳምንት ትማራለች፣ ከዚያ ወደ ሥራ ትሰማራለች፣ እንደገና ትመለሳለች። ክፍያ አይጠየቅም፤ እንዲያውም ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ደመወዝ አላት፣ የቤት ኪራዩን የምትከፍለው ከእሱ ነው። ይህንን ሲሰሙ ሰፈራችን ውስጥ «ምን ጎደላት?» የሚሉ አሉ። ሌሎቹ ደግሞ «ሽማግሌ ልታጥብ ነው እንዴ አስተምረሽ የላክሻት?» ይሉኛል። የማይነገረው ነገር ሌላ ነው። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት የሙከራ ጊዜ ናቸው። በእነዚያ ወራት ቀጣሪው ውሉን ማፍረስ ይችላል፤ ውሉ ከፈረሰ ደግሞ የመኖሪያ ፈቃዷ አደጋ ላይ ነው። መስከረም ከመጥባቱ በፊት ጀምራለች፣ የካቲት መጨረሻ ላይ ይፈረድባታል።

ያስጨነቃት ምን እንደሆነ የነገረችኝ በሦስተኛው ቀን ማታ ነው። የተመደበችበት የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ አንዲት ነርስ የአንድ አዛውንት ደም ግፊት ለክታ ጮክ ብላ ነገረቻት፤ ልጄ መዘገበች። ጀርመኖች ቁጥር ሲጠሩ ነጠላውን ከዐሥሩ ያስቀድማሉ። እኛ መቶ ሃምሳ ሦስት የምንለውን እነሱ «መቶ ሦስት እና ሃምሳ» ይሉታል። እሷ የሰማችውን በሰማችው ቅደም ተከተል ጻፈችና 153 የነበረው 135 ሆነ። ግፊቱ ከፍ ያለው ሰው ደህና ነው ተብሎ ተመዘገበ። አሠልጣኟ ደግማ ለክታ ባትደርስበት ኖሮ እንዲሁ ያልፍ ነበር። በዚያ ላይ የአገሩ ሰዎች አነጋገር ሌላ ፈተና ነው፤ ትን ወደ ድ፣ ክን ወደ ግ ያለሰልሱታል። አዲስ አበባ ጎተ ኢንስቲትዩት በንጹሕ ጀርመንኛ ፈተና ያለፈች ልጅ የጠዋት ርክክብ ላይ ግማሹ ያመልጣታል። «አልገባኝም» ማለት ደግሞ አፈረች። ገባኝ ብላ ራሷን እየነቀነቀች አራት ወር ኖረች።

«ከሚያባርሩኝ እኔ ብሄድ አይሻልም?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። የመጣሁት ላጽናናት ይሁን ልመልሳት ራሴም ለይቼ አላውቅም ነበር።

እሑድ ከቀኑ 9 ሰዓት የቡናና የኬክ ሰዓት ስለሆነ ጠያቂ ይገባል፤ እኔም ፈቃድ ተጠይቆልኝ ገባሁ። አንዳንዱ አረጋዊ ልጅ መጥቶለታል፣ ብዙው ግን በር በሩን ያያል። ልጄ ከአንዲት የዘጠና አንድ ዓመት እናት ጋር ተቀመጠች። አልጋው ላይ ቆማ ከላይ አላጎረሰቻቸውም፤ ወንበር ስባ ዓይን ለዓይን ሆነች። አገጫቸውን ዝቅ እንዲያደርጉ በእጇ አሳየቻቸው። በትንሽ ማንኪያ ሰጠች፣ ጉሮሯቸው ሲንቀሳቀስ እስክታይ ጠበቀች፣ ከዚያ ሁለተኛውን። ውሃው ትን እንዳይላቸው እንዲወፍር ተደርጓል። አንድ ሳህን ለመጨረስ ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ማንኪያውን ከማንሣቷ በፊት በየጊዜው ምን ልታደርግ እንደሆነ ትነግራቸዋለች።

እውነቱን ልናገር። እኔ በሥራ ዘመኔ በሽተኛ ያጎረስኩትን በጣቴ እቆጥረዋለሁ። የሚያጎርሰውም የሚያጥበውም አስታማሚ ነው፤ እኛ «ትንሽ ትንሽ አቅምሱት» ብለን ወደሚቀጥለው አልጋ እናልፋለን። አንዲት ነርስ ለስንት በሽተኛ! ዘመድ የሌለው ሲመጣ ምን እንደሚሆን የሙያ ጓደኞቼ ያውቁታል። ሽማግሌ ማጠብ ለሚሉት ጎረቤቶቼ ያን ቀን መልስ አገኘሁ፤ ግን ለልጄ ምንም አላልኳት፣ ኬኬን በላሁ።

ያን ማታ የጋራ ወጥ ቤታቸው ውስጥ ሽሮ ሠርቼ ስንበላ ለማንም ነግሬው የማላውቀውን ነገርኳት። የመጀመሪያ ዓመቴ ነበር፣ አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ። ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት ሰዎች ተኝተው ነበር። የአባታቸውን ስም ሳልጠይቅ የአንደኛውን ፔኒሲሊን ለሌላው ወጋሁት። ሰውየው ምንም አልሆነም። እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ትንፋሹን ስቆጥር አደርኩ፤ ሲነጋ «እግዜር ይስጥሽ፣ እንዳንቺ ያለ አላየሁም» ብሎ መረቀኝ። ለአለቃዬ አልተናገርኩም። ለባሌም አልተናገርኩም።

ልጄ ማንኪያዋን አስቀምጣ ረጅም ጊዜ አየችኝ። «እኔ'ኮ ቢያንስ ተይዣለሁ» አለች፤ ሁለታችንም ሳቅን።

ከዚያ በኋላ በየማታው ግፊቴን ትለካኛለች። በጀርመንኛ ጮክ ብላ ትጠራዋለች፣ ትጽፈዋለች፣ ከወረቀቱ መልሳ ታነብበዋለች። ሥራ ላይም ለአሠልጣኟ «ቁጥሩን ደግሜ ላንብብልዎ» ማለት ጀመረች። ሴትዮዋ፣ እንደፈራናት አልሆነችም፤ «ይህን ከመጀመሪያው ቀን ብትዪኝ» አለቻት አሉ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ተነሥታ በጨለማ ትራም ልትይዝ ስትወጣ እኔም ተነሥቼ ሻይ አፈላ ነበር። ሌላ ምን ላደርግላት እችላለሁ?

ስመለስ የጠዋት ተረኛ ስለነበረች ጣቢያ ድረስ አልሸኘችኝም። የባቡሩን ቁጥርና የመድረኩን ቁጥር በትልቁ ጽፋ እጄ ላይ አስያዘችኝ፤ ከዚያ «አንብቢልኝ» አለች። አነበብኩላት።

የካቲት መጨረሻ ላይ የሙከራው ጊዜ አለቀ፣ ውሉም ጸና። አሁንም በየእሑዱ ትደውላለች። «ደህና ነኝ» ከማለቷ በፊት ግፊቴን ትጠይቀኛለች።

«መቶ ሠላሳ ስምንት በሰማንያ አራት።»

«አንድ ሦስት ስምንት፣ በስምንት አራት። ክኒኑን ዋጥሽ?»

«ዋጥኩ» አልኳት። እውነቱን ለመናገር ገና ልውጥ ነበር።