የቆረጥኩት ደመወዝ

ቢሾፍቱ ውስጥ 300 እንቁላል ጣይ ዶሮዎች አሉኝ። አምና ዐቢይ ጾም ሲገባ ገበያው ቀዘቀዘ፤ እንቁላሉ ትሪ በትሪ ላይ ተከመረ። ሰው ይጾማል፣ ዶሮ አትጾምም፤ በሦስት ቀን አንድ ኩንታል መኖ ያልቃል። ከወጪው የቱን ልቀንስ ስል ዓይኔ ፕሪሚክሱ ላይ አረፈ። በኩንታል ግማሽ ኪሎ ይገባ የነበረውን የቫይታሚን ዱቄት ሩብ ኪሎ አደረግሁት። መኖውን የማደባልቀው እኔው ስለሆንኩ ያየኝ የለም።

ለህሊናዬ ምክንያት አላጣሁም። የእናቴ ዶሮዎች ቫይታሚን የሚባል ሳያዩ ጥለው፣ ታቅፈው፣ ፈልፍለዋል። እውነት ነው። ግን እነሱ ፀሐይ ላይ ሲጭሩ፣ ቅጠልና ትል ሲለቅሙ ነው የሚውሉት፤ በዓመት የሚጥሉትም ቢበዛ 60 ነው። የኔዎቹን ቆርቆሮ ሥር ዘግቼ 300 ገደማ እጠብቅባቸዋለሁ። ይህንንም አውቅ ነበር።

በአምስተኛው ሳምንት ቅርፊቱ ሳሳ። አንዱን ሳነሳው አውራ ጣቴ ሰመጠ። ኖራ ድንጋይ ብጨምርም ጠብ የሚል ነገር የለም። ለአንድ ቅርፊት 2 ግራም ያህል ካልሲየም ያስፈልጋል፤ ቫይታሚን ዲ ሲያንስ ግን የበላችው አብዛኛው ከኩሷ ጋር ይወጣል፣ ዶሮዋም ከአጥንቷ ትበደራለች።

እንቁላል የሚለቅመው ልጅ በየቀኑ የተሰበረ ይዞ ሲመጣ ጮህኩበት። «እትዬ፣ እኔ አልሰበርኩትም፤ ገና ስነካው ነው የሚሰበረው» አለኝ። አላመንኩትም ብል ውሸት ነው፤ አምኜዋለሁ። እሱን ካመንኩ ግን ጥፋቱ ወደ እኔ ሊዞር ነው። ከደመወዙ 900 ብር ቆረጥኩ።

የእንስሳት ሐኪሙ የመጣው ለፋሲካ ሳምንት ሲቀረው ነው። አንዷን ገልብጦ የደረት አጥንቷን በጣቱ ተከተለው፤ ጎብጧል። «ፕሪሚክሱን ያሳዩኝ» አለ። ከረጢቱ መስኮት ሥር አፉን ከፍቶ ፀሐይ ሲመታው ከርሟል። ግማሹን እኔ ነፍጌያቸው፣ ከቀረውም ሙቀትና ብርሃን በልቶበታል።

«መጠኑን ሳይቀንሱ ነው የሚጨምሩት?»

«አዎ» አልኩት። ልጁ አጠገባችን ቆሞ ነበር።

በጾሙ ሁሉ ያተረፍኩት ዱቄት ቢመዘን 5 ኪሎ አይሞላም።

አሁን መጠኑን መልሻለሁ፤ ከረጢቱም ታስሮ ጥላ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ቅርፊቱ ጠንክሯል። ልጁ ዳግማይ ትንሣኤ ሳይደርስ ለቆ ሄደ። የነፍስ አባቴ የበደልሽው ሰው አለ ወይ ሲሉኝ ስለ እንቁላል አላነሳሁም። 900 ብሩ እስካሁን እኔ ጋ ነው።