ጅራፉን ማን ገመደልህ?

አንባቢ ሆይ፤ ሰው አንድን አገር ሲጎበኝ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ አብያተ ክርስቲያናቱ፣ ስለ ገበያውና ስለ ወንዙ ነው። ይህ ደግ ልማድ ነው። ነገር ግን አገሩንና ሕዝቡን በቶሎ ለማወቅ የሚሻ መንገደኛ አንድ ጥያቄ ቢጨምር አይጎዳም፤ ይኸውም «የዚህ አገር ልጅ በምን ይጫወታል? መጫወቻውንስ ማን ሠራለት?» የሚለው ነው። ዛሬ ይህን ጥያቄ ይዘን ወደ ምዕራብ ጎጃም እንሂድ።

ከአዲስ አበባ ተነሥተህ የዓባይን ሸለቆ ወርደህ ከወጣህ በኋላ ደጀንን፣ ደብረ ማርቆስን፣ ደምበጫንና ጅጋን እያለፍህ ከ380 ኪሎ ሜትር በላይ ስትጓዝ ፍኖተ ሰላምን ታገኛለህ። የጥንት ስሟ ወጀት ነው። የአሁኑን ስም ያገኘችው ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1933 ዓ.ም. ከስደት ሲመለሱ በዚህ መንገድ በማለፋቸው እንደ ሆነ ይነገራል፤ ትርጓሜውም «የሰላም መንገድ» ማለት ነው። ዛሬ የምዕራብ ጎጃም ዞን ዋና ከተማ ናት። ከዚያ ማንኩሳን አልፈህ ብዙም ሳትርቅ ቡሬ ትደርሳለህ። ቡሬ መንገድ የሚከፈልባት ከተማ ናት፤ አንዱ ወደ እንጅባራና ወደ ባሕር ዳር ሲያቀና፣ ሁለተኛው ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምት ይወስዳል። ዙሪያው የበቆሎና የበርበሬ አገር ነው።

አሁን ከአስፋልቱ ወርደህ በእግርህ ወደ ገጠሩ ጥቂት ግባ፤ በልጆቹ እጅ ያለውንም ዕቃ ልብ ብለህ ተመልከት። በገንዘብ የተገዛው ጥቂት ነው። የሚበዛው በቤት የተሠራ፣ እንደ ወሩ የሚለዋወጥ፣ በዓሉ ሲያልፍም ሰገነት ላይ ወይም ከማጀት ጥግ የሚቀመጥ ነው። እንግዲህ ዓመቱን ከክረምት ጀምረን እንቁጠረው።

ገሳና ጅራፍ

በክረምት የመጣህ እንደ ሆነ መጀመሪያ ዓይንህን የሚስበው ገሳ ነው። ገሳ ከሣር ተጎንጉኖ የሚሠራ የእረኛ የዝናብ ልብስ ነው። ከራስ ጀምሮ ጀርባን ይሸፍናል፤ ከፊት በኩል ክፍት ስለ ሆነ ዱላ የያዘውን እጅ አያስርም። ዝናቡ በሣሩ ላይ እየተንሸራተተ ይወርዳል እንጂ ወደ ውስጥ አይዘልቅም፤ የሣር ክዳን ቤት ውሃ የማያስገባበት ብልሃትም ይኸው ነው። ታላላቆቹ ለሥራ የሚለብሱት ይህ ልብስ ለትንሹ እረኛ የጨዋታ ልብስ ነው። ከብቱ ጸጥ ብሎ ሲግጥ ገሳውን ደፍቶ አንዴ ጅብ፣ አንዴ የጦር አለቃ ይሆናል።

ነሐሴ ሲገባ ግን ወሬው ሁሉ ጅራፍ ነው። ነሐሴ 13 ቀን የደብረ ታቦር በዓል ይውላል፤ በተለምዶ ስሙ ቡሄ የምንለው ነው። ወንዶች ልጆች ሆያ ሆዬ እያሉ በየቤቱ ይዞራሉ፤ እናቶችም ሙልሙል ጋግረው ይጠብቋቸዋል። የቤተ ክርስቲያን መምህራን የጅራፉ ጩኸት በደብረ ታቦር ተራራ ለተሰማው የእግዚአብሔር አብ ድምፅ ምሳሌ ነው ይላሉ።

ጅራፍ እንዴት እንደሚሠራ ልንገርህ። በመጀመሪያ ልጥ ወይም ቃጫ ይፈለጋል። ልጥ ከዛፍ የሚላጥ ነው፤ ቃጫ ደግሞ ወፍራም ቅጠሉ ተፍቆ ነጭ ክር የሚወጣለት ተክል ነው። ክሩ በፀሐይ ከደረቀ በኋላ አንዱ ጫፍ በችካል ወይም በእግር ጣት ተይዞ ይገመዳል። ከእጀታው አጠገብ ወፍራም ሆኖ ወደ ጫፉ እየቀጠነ መሄድ አለበት። በመጨረሻው ላይ ለስላሳና ቀጭን ክር ይቀጠልበታል። እጀታው ለልጁ ክንድ የሚመች እንጨት ነው። ገመዱ ለትንሽ ልጅ አጠር፣ ለጎረምሳ ረዘም ይላል፤ ስለዚህ ጅራፍ እንደ ልብስ በልክ የሚሠራ ዕቃ ነው ማለት ይቻላል።

መቅጠኑ ለውበት እንዳይመስልህ። ክንድ የሰጠው ኃይል በገመዱ ውስጥ ሲሮጥ የሚያንቀሳቅሰው ክብደት እያነሰ ስለሚሄድ ፍጥነቱ እየጨመረ ይሄዳል። በመጨረሻ ጫፉ ከድምፅ ይቀድማል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል እንደሚጓዝ በትምህርት ቤት ተምረሃል፤ «ጧ!» የሚለው ጩኸት የሚመጣው ገመዱ መሬት ስለ መታ አይደለም፤ የገመዱ ጫፍ ከዚህ ፍጥነት በላይ ስለ በረረ ነው። ሰው በአውሮፕላን ከድምፅ ፈጥኖ መሄዱ የተረጋገጠው በጥቅምት ወር 1940 ዓ.ም. በአሜሪካ ነው። የቡሬ እረኛ ግን ከአባቱ በተማረው አገማመድ ይህንኑ ነገር በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ሲያደርገው ኖሯል። ፊዚክስ አልተማረም፤ ነገር ግን ጅራፉ ካልጮኸ የቱ ላይ እንደ ወፈረ ያውቃል፤ ፈትቶም ይገምደዋል።

ከእንግጫ እስከ ገና

ቡሄ ካለፈ በኋላ ተራው የሴቶች ልጆች ነው። በጎጃም በዘመን መለወጫ ዋዜማ ልጃገረዶች እየዘፈኑ ወደ መስክ ወጥተው እንግጫ ይነቅላሉ። እንግጫውን ጎንጉነው ዐደይ አበባ ይጨምሩበትና በአዲስ ዓመት የቤቱን ምሰሶ ያስጌጡበታል። ችቦውን ደረቅ እንጨት ሰንጥቆ በልጥ የሚያስረው አባት ነው፤ ለትንሹም ልጅ እንደ ቁመቱ ትንሽ ችቦ ይታሰርለታል።

በቆሎው ሲደርስ ደግሞ አሻንጉሊት ይወለዳል። ቆረቆንዳው ገላ፣ የእሸቱ ጭራ ጠጉር ይሆናል፤ ልብሱም ከእናት ቀሚስ የተረፈ ቁራጭ ጨርቅ ነው። ልጅቱ መርፌ መያዝ የምትጀምረው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። እናቷ አንድ ጊዜ ታሳያታለች፤ ሁለተኛውን ራሷ ትሰፋለች።

ታኅሣሥ 29 ቀን ገና ነው። የገና ዱላ ጫፉ የጎበጠ መሆን ስላለበት ልጆች ወራት አስቀድመው ዛፍ ለዛፍ እየዞሩ በተፈጥሮው የታጠፈ ቅርንጫፍ ይፈልጋሉ። ያገኘ ልጅ ቦታውን ለማንም አይናገርም። ያጣ እንደ ሆነ እርጥብ እንጨት በእሳት አሙቆ፣ ጎንበስ አድርጎ አስሮ ያደርቀዋል። ሩሩ ከእንጨት ሥር ይጠረባል፤ ጥንግ ሲባልም ከጠፍር ተጠቅልሎ የሚሠራ አለ። የተጫዋቹ ቁጥርና የሜዳው ስፋት የተወሰነ አይደለም። በዚያን ቀን ሎሌና ጌታ፣ ታላቅና ታናሽ በአንድ ሜዳ ይሮጣሉ፤ በጨዋታ መካከል በደረሰ ምትም መቀየም ነውር ነው።

በጥር ደግሞ ከቡሬ ጥቂት አልፈህ ወደ አዊ ብትዘልቅ ይኸው ብልሃት በፈረስ ላይ ተጭኖ ታያለህ። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባቱ ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓሉን ያከብራል። በዓድዋ የዘመቱትን አባቶችና ፈረሶቻቸውን ለማሰብ የተጀመረ ነው። ኮርቻውን፣ ልጓሙንና ባለ ቀለሙን መርገፍ ስትመለከት ትንሹ ልጅ በእንጨት ፈረስ የሚጀምረው ጨዋታ የት እንደሚደርስ ይገባሃል።

የሚጠፋው ምንድን ነው?

አንተ ተማሪ ወይም ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ እንደ መሆንህ «ታዲያ ይህ ሁሉ አሁን በሱቅ ይገኛል፤ ምን ቸገረን?» ትል ይሆናል። እርግጥ ነው፤ የላስቲክ ኳስ ከጨርቅ ኳስ ይሻላል፤ ርችትም ከጅራፍ ይበልጥ ይጮኻል። የተገዛ መጫወቻ ልጅን ያስደስታል፤ ማንም አይክድም። ነገር ግን የተገዛው ዕቃ ሲሰበር ልጁ ያለቅሳል፤ በቤት የተሠራው ሲሰበር ግን ይጠግነዋል። ልዩነቱ በዋጋ ብቻ አይደለም፤ አንደኛው ዕቃ ብቻ ሲሆን ሁለተኛው ዕቃና ትምህርት ነው። የትኛው ዛፍ ልጥ እንዳለው፣ የትኛው እንጨት እንደማይሰነጠቅ፣ ሣር በየትኛው ወር እንደሚታጨድ የሚያውቀው ጅራፍ የገመደ ልጅ ነው። አባት አንድ ዓመት ካልገመደ ምንም አይደለም፤ አንድ ትውልድ ካልገመደ ግን የሚያስተምር አይኖርም።

ይህ ነገር የድህነት ምልክት እንዳይመስልህ፤ ባለጸጎቹም አገሮች ወደዚሁ ተመልሰዋል። በጃፓን ከአውሮፓውያን 1980ዎቹ ጀምሮ «ኮስፕሌ» የሚባል ልማድ ተስፋፍቷል። በኤሌክትሮኒክ ጨዋታና በሥዕል መጽሐፍ ያሉትን ጀግኖች መስሎ ለመታየት ሰዎች ልብሱን በመኪና ይሰፋሉ፤ ጋሻውንና ሰይፉን ከካርቶንና ከስፖንጅ ቆርጠው ቀለም ይቀባሉ። ዛሬ በአሜሪካና በአውሮፓ አባትና እናት ከልጆቻቸው ጋር ተቀምጠው ይህን ሲሠሩ ብዙ ሌሊት ያመሻሉ። ሁሉም በሱቅ ይሸጣል፤ ግን በራስ እጅ የተሠራው ይበልጥ ይከበራል።

በእኛም አገር ቅኔ ጌምስ የተባለው የአዲስ አበባ ድርጅት «ኩኩሉ» የሚባል የስልክ ጨዋታ ሠርቷል፤ ባለታሪኳም ለበዓል እንዳትታረድ የምትሸሽ ዶሮ ናት። ገበጣንም ወደ ስልክ አምጥቶታል። ልጅህ ወይም ታናሽ ወንድምህ ይህን ጨዋታ ከወደደ ስልኩን አትንጠቀው፤ ይልቅስ «ና፣ የዶሮዋን ልብስ እንሥራ» በለው። አሮጌ ካርቶን ለመንቁሩ፣ የተቀደደ ነጠላ ለክንፉ፣ በዓል ላይ የታረደው ዶሮ ላባ ለጭራው ይበቃል። ብልሃቱ የገሳው ብልሃት ነው፤ በቅርብ የተገኘውን በልክ መሥራት።

ከሱቁ ሌላ የዚህን ጨዋታ ድምፅ የሚያጠፋ የከፋ ነገር አለ። በ2015 ዓ.ም. በክልሉ በተነሣው ውጊያ፣ ነሐሴ 7 ቀን፣ በፍኖተ ሰላም ከተማ በደረሰ የአየር ጥቃት ከ20 በላይ ሰዎች እንደሞቱ በጊዜው ተነግሯል። ቡሄ ሊውል 6 ቀን ቀርቶት ነበር። ጅራፍ የሚገመድበት ሳምንት ማለት ነው። ጅራፍና ጥይት ከሩቅ ሲሰሙ ይመሳሰላሉ፤ ስለዚህ ተኩስ ባለበት አገር እናት ልጇን ጅራፍ እንዳያጮህ ትከለክለዋለች። የሰላም ትርጉም ለአንድ ሕፃን ምን እንደ ሆነ ከፈለግህ በዚህ ልታውቀው ትችላለህ፤ ያለ ሥጋት ጅራፍ ማጮህ ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ ወደዚያ የምትጓዝበት ቀን ሲመቻች አስቀድመህ የመንገዱን ሰላም ጠይቅ። ከደረስህም በኋላ ፎቶግራፍ ብቻ አንሥተህ አትመለስ፤ ከአንድ ሽማግሌ አጠገብ ተቀመጥና «አባቴ፣ ይህን እንዴት ነው የሚገምዱት?» ብለህ ጠይቃቸው። ደስ ብሏቸው ያሳዩሃል። ጉዞው የማይሆንልህ እንደ ሆነም አባትህ ወይም አጎትህ በሕይወት ካሉ ጥያቄውን ለእነርሱ አቅርብ። አንድ ጅራፍ ለመግመድ የሚፈጀው ከአንድ ከሰዓት በኋላ አይበልጥም። በመጪው ነሐሴ በሠፈርህ ያለ አንድ ልጅ «ማን ገመደልህ?» ተብሎ ሲጠየቅ የአንተን ስም ቢጠራ፣ ያ ከሰዓት በኋላ በከንቱ አልጠፋም።