ቅርጽ ተሻግሮ ፊደል ሲቀር

የማስታወቂያ ሰሌዳ በብሩሽና በቀለም በቆርቆሮ ላይ ይሣል በነበረበት ጊዜ ሥራው ካለቀ በኋላ ከቦታ ቦታ የሚያሻግረው ሌላ አካል አልነበረም፤ የተሣለበት ቆርቆሮ ራሱ ተሸክሞት ይሄድ ነበር። ዛሬ ከመቂ፣ ከባቱ ወይም ከሻሸመኔ ለኅትመት ወደ አዳማ የሚመጣ ሥዕል በፍላሽ ተይዞ ይመጣል፤ አታሚው ዘንድ እስኪደርስም አንዳንዴ ሁለትና ሦስት የሥዕል ፕሮግራሞችን ያቋርጣል። ጉዳዩ ለኮምፒዩተር ባለሙያ ብቻ የሚተው ቢመስልም የፊደልና የቋንቋ ጉዳይ መሆኑን የሥዕል መምህር እንደመሆኔ ዘወትር አያለሁ።

በኮምፒዩተር የሚሠራ ሥዕል በሁለት መንገድ ይቀመጣል። አንደኛው እንደ ፎቶግራፍ የጥቃቅን ነጠብጣቦች ስብስብ ነው፤ ሲያጎሉት ይደበዝዛል። ሁለተኛው፣ ቬክተር የሚባለው፣ የትእዛዝ ዝርዝር ነው፤ ከዚህ ነጥብ ተነሣ፣ ይህን ያህል ታጠፍ፣ ውስጡን በዚህ ቀለም ሙላ ይላል። ስለዚህም አንድ ዓርማ በደብዳቤ ራስጌም ሆነ በሕንፃ ግንባር ላይ ቢውል ጠርዙ አይሻክርም። የጥምዝ መስመሩን ሒሳብ ያበጁት ሠዓልያን አልነበሩም። የሲትሮይኑ ፖል ደ ካስቴልዦና የሬኖው መሐንዲስ ፒየር ቤዚዬ ከእ.ኤ.አ. 1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለመኪና አካል ቅርጽ ያዘጋጁት ነው፤ የ«ቀ» ፊደል አንገትም ዛሬ በዚያው ሒሳብ ይታጠፋል።

ሒሳቡ አንድ ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ፕሮግራም የሚጽፈው በራሱ ቋንቋ ነው። ኢሉስትሬተር እ.ኤ.አ. በ1987፣ ኮረል ድሮው በ1989 ለገበያ ከቀረቡ ወዲህ የአንዱን ሥራ ሌላው ሙሉ በሙሉ አንብቦለት አያውቅም። ተራ መስመርና ድፍን ቀለም አብዛኛውን ጊዜ በደኅና ይሻገራሉ፤ ጥላና ብርሃን አስተላላፊ ቀለም ግን ይቆራረጣሉ ወይም ወደ ነጠብጣብ ይለወጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2001 የጸደቀው ኤስቪጂ ለሁሉም ክፍት የሆነ የጋራ ቋንቋ ነው፤ ነገር ግን ቀለሙ የተቀመረው ለማያ ገጽ እንጂ ለአታሚው አራት ቀለማት ባለመሆኑ ብሩህ የነበረው አረንጓዴ በኅትመት ደብዝዞ ይወጣል። ይህ ሁሉ በዐይን ስለሚታይ ይታረማል።

የከፋው የፊደሉ ዕጣ ነው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 የራሱን ቦታ ከማግኘቱ በፊት የተሠሩት ፎንቶች ፊደሎቻችንን ያስቀመጧቸው በላቲን ፊደላት መቀመጫ ላይ ነበር። ያለው ቦታ ቢበዛ 256 ስለነበር፣ በአንዳንዶቹ አሠራር የተረፉት ፊደላት ወደ ሁለተኛ ፎንት ይሄዱ ነበር። እነዚህ ፎንቶች መልካቸው ያማረ በመሆኑ እስከ ዛሬ ይወደዳሉ። በአታሚው ኮምፒዩተር ላይ ከሌሉ ግን አማርኛው ወዲያው ትርጉም የለሽ የላቲን ዝርዝር ይሆናል።

በአዳማ ሰሌዳ ላይ ደግሞ አፋን ኦሮሞ በቁቤ፣ አማርኛ በግዕዝ ፊደል ጎን ለጎን ይጻፋሉ። ለፕሮግራሙ ሁለቱም ላቲን ናቸው። የተጣደፈው ሠራተኛ ሁሉንም ጽሑፍ በአንድ ላይ መርጦ የግዕዙን ፎንት ሲሰጠው አማርኛው ይድናል፤ ደኅና የነበረው አፋን ኦሮሞ ግን ማንም የማያነበው የግዕዝ ፊደል ክምር ይሆናል። ሁለቱን ቋንቋዎች የሚያነብ ሰው በአጠገቡ ከሌለ ሰሌዳው እንዲሁ ታትሞ ይሰቀላል።

የተለመደው መድኃኒት ፊደሉን ወደ ከርቭ፣ ማለትም ወደ ተራ ጥምዝ መስመር፣ መለወጥ ነው። አታሚው ፎንቱ ባይኖረውም የተሣለው እንደተሣለ ይወጣል። ሆኖም ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ «ሰ» የ«ሰ» ቅርጽ ነው እንጂ «ሰ» አይደለም፤ አይፈለግም፣ ፊደል ቢሳሳት አይታረምም፣ የአምናው የበዓል ፖስተር ዘንድሮ ቀኑ ብቻ ይለወጥ ቢባል እንደ አዲስ ይሠራል። ፕሮግራምም ይሞታል። በአንድ ወቅት እጅግ የተወደደው ፍሪሃንድ ከእ.ኤ.አ. 2007 በኋላ ዕድገቱ ቆሟል፤ በእሱ ብቻ የተቀመጡ ሥራዎችን በዛሬ ኮምፒዩተር መክፈት አዳጋች ነው።

ስለዚህ አንድ ሥራ በሁለት ፋይል መቀመጥ አለበት እላለሁ፤ አንደኛው በዩኒኮድ ፊደል የተጻፈና የሚታረም፣ ሁለተኛው ወደ ከርቭ ተለውጦ በፒዲኤፍ ለአታሚው የሚሰጥ። አንዳንድ ወጣት ባለሙያዎች የሚታረመውን ፋይል ለደንበኛ መስጠት አይወዱም፤ ደንበኛው ይዞት ርካሽ ወደሚሠራ ዘንድ ይሄዳል ይላሉ። ሥጋቱን አላቃልለውም፣ የድካም ዋጋ ነውና። ዋጋው በውሉ ላይ ቀድሞ ይጻፍ እንጂ የአንድ ባህል ጽሕፈት ቤት ዓርማና መፈክር በአንድ ግለሰብ ዲስክ ውስጥ ብቻ መቅረት የለበትም፤ ዲስኩ የተበላሸ ዕለት ሁለቱም ወገን ባዶ እጁን ይቀራል።

ተማሪዎቼ ከሁለቱ ፋይሎች ጋር በሁለቱም ቋንቋ በእጅ የተጻፈ አንድ ወረቀት እንዲያያይዙ አደርጋለሁ። አታሚው ማሽኑን ከማስነሣቱ በፊት ማያ ገጹን ከወረቀቱ ጋር ፊደል በፊደል ያስተያያል።